የእማማ እሹሩሩ ዋስትና

እማማ እሹሩሩ የሚለው ስም እናት አባታቸው ያወጡላቸው አይደለም። ያወጡላቸው የፋብሪካው ሴቶች ናቸው፤ እሳቸውም ጠልተውት አያውቁም። ውሎ አድሮ ሰፈሩ በሙሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ በዚሁ ጠራቸውና ዋናው ስም ተረሳ። ከዚያ በፊት "አትክልት ሻጯ" ነበሩ። ባላቸው የጭነት መኪና ጫኝና አውራጅ ነበር። አንድ ቀን የተከመረ ብረት ተንዶበት ሲሞት፣ አንዲት ሴት ልጅና ከወንዙ ዳር ያለች ጠባብ ማሳ ትቶላቸው ሄደ። በዚያች ማሳ ካሮትና ሰላጣ እያበቀሉ፣ በማለዳ ገበያ እያወጡ፣ ልጅቷን አሳደጉ፤ አስተማሩም።

"እኔ ጭቃ ውስጥ ኖሬ ጭቃ ውስጥ ብሞት ግድ የለኝም። የእሷ እግር ግን አስፋልት ይርገጥ" ይሉ ነበር።

አስፋልቱ ራሱ ቤታቸው ድረስ መጣ። ክረምቱ እንዳለፈ ሜትር የያዙ ሰዎች ወንዙን ዳር ለዳር ለክተው፣ እዚህም እዚያም ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨት ተክለው ሄዱ። ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። ከፊት የተቀመጠው ባለሥልጣን ትልቅ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እንደሚሠራ፣ መሬቱን የለቀቀ ቤት ሁሉ ካሳ እንደሚያገኝና አንድ ልጁ እንደሚቀጠርለት ተናገረ። "ፋብሪካው የእናንተው ነው!" ብሎ ሲጨርስ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ግንበኛ፣ "የእኛ ከሆነማ ቁልፉ ማን ጋ ይቀመጣል?" አለና አዳራሹን አሳቀው።

ሰው ስቆ አላበቃም፤ ማጉረምረም ጀመረ። "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል" የሚልም ነበር። አትክልት ሻጯ ግን ተነሥተው፣ "እኔ ልጄ ከተቀጠረችልኝ ዛሬውኑ እለቃለሁ" አሉ። የመጀመሪያዋ ፈራሚ እሳቸው ሆኑ። እሳቸው ከፈረሙ በኋላ ጎረቤቱም አንድ በአንድ ተከተለ። በካሳው ሁለት ክፍል ቤት ሠሩ፣ ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ አለበሱ፣ የተረፈውን የልጃቸው ጫማና ልብስ ጨረሰው።

ፋብሪካው ቆመ። ማሳዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ሰማያዊ ጣሪያ እንደ ሐይቅ ተዘረጋ። ልጃቸውም እንደተባለው ተቀጠረች፤ መጀመሪያ ክር ቆራጭ ሆና፣ ቀጥሎ ማሽን ላይ ተቀምጣ። ፋብሪካው ግን የሰፈሩን ልጆች ብቻ አልነበረም የሚቀጥረው። ከየገጠሩ ወጣት ሴቶች በአውቶቡስ እየተጫኑ መጡ። ትናንት በግ የታሰረበት ጓዳ ሁሉ በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ኪራይ ሆነ። በአንዱ ክፍል ተደራርበው የሚያድሩ ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ከፈረቃ ስትመለስ ሌላዋ ከፍራሹ ትነሣለች፤ ፍራሹ ራሱ ቀዝቅዞ አያውቅም። ጥቂት ቆይቶ አንዳንዶቹ አገቡ፤ ሳያገቡ የወለዱም አሉ። ልጅ እንደሆነ ፈረቃ አይጠብቅም።

ከእነዚህ አንዷ ናት እጅጌ የሚሏት። የሸሚዝ እጅጌ ብቻ ነበር የምትሰፋው፤ እሱንም የግራውን። "የቀኙን የምትሰፋዋን ሴት እንኳን አላውቃትም" እያለች ሰዉን ታስቅ ነበር፤ "አንድ ቀን ሙሉ ሸሚዝ ሳላይ እንዳልሞት ብቻ።" አፏ ስለት ነው፤ እጇም ፈጣን። አንድ ማለዳ ይህች ሴት ጨቅላ ልጇን ታቅፋ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ፣ አትክልት ሻጯ ደጃፍ ቆመች። ልጅ ትጠብቅላት የነበረችው ልጅ ወደ አገሯ ተመልሳባታለች።

"እትዬ፣ አያውቁኝም፤ እኔም አላውቅዎትም። ለዛሬ ብቻ ይያዙልኝ። ካልገባሁ ያባርሩኛል።"

"ሳታውቂኝ ልጅሽን ትሰጭኛለሽ?"

"ደጅዎ ተጠርጓል" አለች እጅጌ። "ደጇን የምትጠርግ ሰው ልጅ አትጥልም ብዬ ነው።"

አትክልት ሻጯ ሳቁና ልጅቷን ተቀበሉ። "ለዛሬ ብቻ" የተባለው በዚያው ቀረ። በሳምንቱ እጅጌ ጓደኛዋን አመጣች፤ ጓደኛዋ ሌላ አመጣች። ዝናቡ ሳይመለስ የፊተኛው ክፍል ምንጣፍ በምንጣፍ ሆነ፤ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረው ገመድ ላይ የሽንት ጨርቅ እንደ ባንዲራ ይውለበለብ ጀመር። ያላት ትከፍላለች፤ የሌላት ሳሙና ታመጣለች፤ ሳሙናም የሌላት በእረፍት ቀኗ መጥታ ታጥባለች። እሳቸው አንዱን አዝለው፣ ሌላውን በእግራቸው እያወዛወዙ፣ "እሹሩሩ፣ እሹሩሩ" ሲሉ ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ስሙ የወጣው ያኔ ነው። ከፊት ለፊታቸው ያለው ባለሱቅ ነገር ማሳመር ይወዳልና፣ "እማማ፣ እነሱ የሸሚዝ ፋብሪካ ከፈቱ፤ እርስዎ ደግሞ የሰው ፋብሪካ ከፈቱ" ይላቸዋል። "የእርስዎ ግን ጫጫታው ይብሳል።"

በዚህ መሃል ልጃቸው ከማሽን ተነሥታ ቢሮ ገባች። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው የእጅ ጽሑፏ አምሮት፣ ረጋ ያለ ጠባይዋንም ወዶ፣ ረዳቱ አደረጋት። ነጭ ሸሚዝ ለበሰች፤ ባጇን በሰማያዊ ክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ከአስፋልቱ ዳር ባለ ፎቅ ላይ፣ ውሃ ቤት ውስጥ የሚፈስበት አንድ ክፍል ተከራየች። እሑድ እሑድ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ እማማ እሹሩሩ ዓይናቸው ሳይቀር ይስቅ ነበር። ለመጣ ለሄደው፣ "ልጄ እኮ ቢሮ ናት! ክር ስትለቅም ጣቷ የቆሰለ ልጅ!" ይላሉ። ሰውም ደስ አለው፤ ልጅቷ ከመሃላችን የወጣች ናትና።

አንድ ቀን የእጅጌን ልጅ ትኩሳት ያዛት። ጠዋት ትንሽ ነበር፤ እየዋለ ግን ሰውነቷ እንደ ምጣድ ነደደ፤ ዓይኗም መገልበጥ ጀመረ። እማማ እሹሩሩ ሌሎቹን ሕፃናት ለባለሱቁ ሚስት ትተው፣ ልጅቷን አዝለው ፋብሪካው በር ድረስ ሮጡ።

"እናት፣ መስመር ላይ ያለ ሰው አይጠራም" አላቸው ጥበቃው።

"ልጅቷ እኮ እየሞተች ነው!"

"እኔም ተቀጣሪ ነኝ እናቴ። እኔን ለምን ያስቸግሩኛል?"

ጩኸቱን ሰምታ ልጃቸው ወጣች። መጀመሪያ ያየችው የታዘለችውን ሕፃን አልነበረም፤ በመስኮት የሚመለከቱትን ሰዎች ነበር።

"እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው እዚህ የመጣሽው? ሰው ምን ይላል?"

"የፈለገውን ይበል። እናቷን ጥሪልኝ።"

"አልችልም። አንዷ ከተነሣች መስመሩ በሙሉ ይቆማል።" ግራ ቀኝ አየችና ባጃጅ ጠርታ ወደ ጤና ጣቢያ ላከቻቸው።

ልጅቷ ተረፈች። እጅጌ የሰማችው ማታ ከፈረቃ ስትወጣ ነው። መሬት ላይ ተቀምጣ ልጇን እየነካካች፣ "ትሞት ኖሮ እጅጌ ስሰፋ ነበር ማለት ነው" አለች። እማማ እሹሩሩ ግን ያንን ቀን በሌላ ዓይን ነው ያዩት። "ልጄ ባትኖር አልቀን ነበር" ይሉ ነበር። ልጃቸው በር ላይ ያለችው ነገር ጆሯቸው ገብቷል፤ ልባቸው ግን አላስገባውም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሴቶቹ እሑድ ከሰዓት በእማማ እሹሩሩ ቤት መሰብሰብ ጀመሩ። ሌላ ቦታ ቢሰበሰቡ ያስጠረጥራል፤ እዚህ ግን ልጅ ሊያመጡና ሊወስዱ ሁሌም ይመጣሉ። ልጆቹን መሃል አስቀምጠው ዙሪያውን ይቀመጣሉ።

"ጡቴ አግቶ ሸሚዙ ላይ ይፈስሳል" አለች እጅጌ። "ሸሚዙን አቆሸሽሽ ብለው ይቀጡኛል። ልጄ ደግሞ እዚህ የጠርሙስ ወተት እየተለመነች ትውላለች። ወተቱ የእኔ፣ ልጅቷ የእኔ፣ መሃላችን አጥር! እኔ የምለው ቀላል ነው። በግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ይስጡን፤ ወጥተን የምናጠባበት ትንሽ ሰዓት ይፍቀዱልን።"

"እምቢ ቢሉስ?" አለች አንዷ።

"እምቢ ካሉ እጃችንን ከማሽን እናነሣለን። ሁላችንም በአንድ ጊዜ። ትልቁ ጭነት የሚወጣበት ሳምንት ላይ።"

ተናጋሪዎቹ ተመረጡ፤ ከፊት እጅጌ ናት። እማማ እሹሩሩ ምክር አልሰጡም። ውሃ እየቀዱ፣ የሚያለቅሰውን እያነሡ፣ ይሰማሉ። ውስጣቸው ግን ኮርቷል። በሕይወታቸው ሰው እንዲህ ሲነጋገር ቤታቸው ውስጥ ሰምተው አያውቁም።

በመጨረሻው እሑድ በሩ ተንኳኳና ልጃቸው ሙዝ በፌስታል ይዛ ገባች። ወሬው ቀጥ አለ። አንዷ ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች፤ ሌላዋ ሳይርባት ልጇን ጡት አጎረሰች። እጅጌ ብቻ ናት ዓይኗን ያልሰበረችው።

"እማማ፣ እንዳይቀየሙኝ" አለች። "ልጅዎ የቢሮ ሰው ናት።"

ፊታቸው ተለዋወጠ። "ምን ማለትሽ ነው? ልጄ እኮ ናት! ከእናንተው መሃል የወጣች ልጅ ናት። የምትጠረጥሩ ከሆነ እኔን ጠርጥሩኝ። በእኔ ይሁንባችሁ!"

ከዚህ በኋላ ማን ይከራከራል? ልጆቻቸውን ለእሳቸው ሰጥተው የሚውሉ ሴቶች ናቸው። እጅጌም፣ "እሺ፣ አጠፋሁ፣ ይቅርታ" ብላ ለልጃቸው ቦታ ለቀቀችላት። ልጃቸው ተቀመጠች። የእጅጌን ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ፀጉሯን እያሻሸች፣ የተባለውን ሁሉ ሰማች። ስትወጣ "በርቱ" ብላቸው ሄደች።

ትልቁ ጭነት የሚወጣበት ሳምንት ደረሰ። የጠዋቱ ፈረቃ ሲገባ በሩ ላይ ኃላፊው ራሱ ቆሞ ነበር። ሰልፉ ሲያልፍ፣ አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ እያለ በጣቱ ለየ። እጅጌን ጨምሮ የተመረጡት ተናጋሪዎች በሙሉ ወደ ጎን ወጡ፤ ባጃቸውን ተቀበሏቸው፤ እንዳይመለሱ ተነገራቸው። አንዲት ያልተመረጠች ሴት እንኳን በስህተት አልተካተተችም፤ ከተመረጡትም አንዷ አላመለጠችም። የቀሩት ገብተው ሲቀመጡ በየማሽኑ ራስጌ ተቆጣጣሪ ቆሞ አገኙ። ማንም እጁን አላነሣም። ጭነቱ በሰዓቱ ወጣ።

ነገሩ ከቤቱ እንደወጣ ለማንም አልጠፋም። ማን አወጣው የሚለው ነው የቀረው። "በእኔ ይሁንባችሁ" ያሉት እማማ ናቸው። ቤቱ የእሳቸው ነው። ልጃቸው ቢሮ ናት። አንዳንዷ ልጅቷ ናት አለች፤ አብዛኛዋ ግን፣ "ልጅቷማ በድንገት ነው የገባችው፤ በየሳምንቱ ስትሰማን የነበረችው እናቲቱ ናት" አለች። ስንት ጊዜ የተገነባ እምነት በአንድ ቀን ፈረሰ።

ልጆቹ መቅረት ጀመሩ። ማንም ፊት ለፊት አልተናገራቸውም። "እህቴ ከአገር ቤት መጣችልኝ እማማ" ትላለች አንዷ። "ጎረቤቴ ልያዝልሽ አለችኝ" ትላለች ሌላዋ። አንደኛዋ ግን ምንም ሰበብ ሳትፈልግ ልጇን ከምንጣፉ አንሥታ፣ ጨርቁን ከገመዱ ላይ ነጥቃ፣ ምራቋን ደጃፋቸው ላይ ጢቅ ብላ ሄደች። ከጥቂት ቀን በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ባለሱቁ ሊያስቃቸው አሰበና የሚለው ጠፋው፤ በመጨረሻ እውነቱን ነገራቸው።

"እርስዎ ነዎት ያወሩት እየተባለ ነው።"

"እኔ?"

"እኔስ አላመንኩም። ግን እማማ... እንዳይቀየሙኝ... የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው።"

"ልጄን ነው?" ብለው ጮኹበት። "ምላስህን ሰብስብ!" በሩን ዘግተው ገቡ። በተዘጋው በር ውስጥ ግን፣ ፋብሪካው በር ላይ የሰሙት ነገር ተመልሶ መጣባቸው። እንቅልፍም ምግብም እምቢ አላቸው። በማግሥቱ ከሰዓት ነጠላቸውን ደርበው ወደ ልጃቸው ቤት አቀኑ።

ልጃቸው ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። እናቷን ስታይ ደንግጣ ወንበር አቀረበች። እሳቸው አልተቀመጡም።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ውሸት እንዳትነግሪኝ፤ ከዋሸሽ አውቃለሁ። አንቺ ነሽ?"

ካውያውን ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ሶኬቱን ነቅላ ገመዱን እስክትጠቀልል ድረስ ቀና አላለችም።

"ጠየቁኝ፣ እማዬ።"

"ቢጠይቁሽስ?"

"ሰምተው ነበር። ቤትሽ እንደሚሰበሰቡ አውቀዋል። ማን ማን እንደሆነ ብቻ ነው የነገርኳቸው። አይባረሩም ተብያለሁ እኮ! መስመር እንቀይራቸዋለን፣ እንመክራቸዋለን ነው ያሉኝ።"

"ሲያባርሯቸውስ? ያኔ ምን አልሽ?"

ልጅቷ ሸሚዙን ማጠፍ ጀመረች።

"የጭነቱን ሳምንትስ ማን ነገራቸው?"

"እሱንም ጠየቁኝ።"

እማማ እሹሩሩ ግድግዳውን ተደገፉ። ልጃቸው ግን አሁን ድምፅዋ ከፍ አለ።

"ለምንድን ነው እንዲህ የምታይኝ? ማሳችንን የሰጠሽው ለምን ነበር? እኔ ሰው እንድሆንልሽ አልነበረም? ይኸው ሰው ሆንኩልሽ! ባልናገር ማን ሊወጣ ነበር? እኔ! ከዚያ ምን እንሆናለን? መሬቱም የለ፣ ሥራውም የለ። እነሱ አገራቸው ይገባሉ፤ እኛ የት እንገባለን?"

"ሰው መሆን ይህ ነው?"

"ደግሞ የፈለጉትን አገኙ እኮ" አለች ልጅቷ ድምፅዋን አለስልሳ፤ ትልቁን ዜና ለመጨረሻ ያስቀመጠችው ትመስል ነበር። "የሕፃናት ማቆያ ሊከፈት ነው። ግቢው ውስጥ፣ አልጋ ያለው፣ አሻንጉሊት ያለው። ገዢዎቹም ከውጭ ሲመጡ ማየት ይፈልጋሉ። ኃላፊዋ እኔ ነኝ። አንቺንም በደመወዝ አስቀጥርሻለሁ። የጠየቁት ሁሉ ተሟላ። ምን ጎደለ?"

"የጠየቁት ሰዎች ጎደሉ" አሉ እናቷ።

ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ዞሩ።

"ሄደሽ ለእጅጌ ራስሽ ንገሪያት።"

"አልችልም።"

"እኔስ? በማን ስም ነው እዚያ ምንጣፍ ላይ የተቀመጥሽው? እኔን ዋስ አስይዘሽ እኮ ነው ሰዎቹን የሸጥሻቸው!"

"እማዬ፣ ጊዜ ያልፋል። ሰው ይረሳል።"

እማማ እሹሩሩ ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ ልጃቸው ከላይ ጠራቻቸው፤ ዞር አላሉም።

ከዚያ በኋላ ሆድ ይፍጀው ብለው ተቀመጡ። ፈርተው አይደለም። ቢናገሩ የወለዷትን ልጅ ለሰው ፍርድ አሳልፈው መስጠት ነው፤ እሷ በሌሎቹ ላይ ያደረገችውን እሳቸው በእሷ ላይ ማድረግ ሆኖ ታያቸው። ዝም ቢሉ ደግሞ ወሬ አቀባይዋ እሳቸው ተብለው ይኖራሉ፤ ይባስ ብሎ እጅጌ ያመነቻቸውን ሰው እየረገመች ትኖራለች። ቧንቧ ላይ ሲቆሙ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ። ገበያ ሲወጡ ያዘሉት ልጅ እጁን ሲዘረጋላቸው እናቱ አዙራ ትይዘዋለች። ይህኛው ነው የጎዳቸው፤ ልጆቹ ገና አላወቁም ነበርና።

ማቆያው የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። ጠዋት የፋብሪካው መኪና ደጃፋቸው ቆመ። ሾፌሩ አዲስ ቀሚስ በካርቶን አቀበላቸው። "ልጅዎ ናት የላከችው። ከፊት ወንበር ተይዞልዎታል፤ ንግግርም ያደርጋሉ ተብሏል፤ ሰው ሁሉ እርስዎን ሊያይ ነው።"

"ምን ብዬ ነው የምናገረው?"

"ሐሳቡ ከእርስዎ እንደመጣ ነው የተጻፈው መሰለኝ።"

ካርቶኑን ሳይከፍቱ መለሱለት። "ንገራት፤ ሌላ ቦታ ጉዳይ አለብኝ።"

መኪናው እስኪዞር ጠብቀው፣ በሩን ቆልፈው፣ በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። ከፋብሪካው ድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ሰው ያጨበጭባል። እሳቸው ከተማው ጫፍ ላይ ወደሚሠራው አዲስ ሕንፃ ሄዱ። እጅጌ እዚያ የቀን ሥራ እንደያዘች ባለሱቁ ነግሯቸዋል። ስሟ በየፋብሪካው ተነግሮ ኖሮ ማሽን ላይ የሚያስቀምጣት አልተገኘም።

ስሚንቶ በባልዲ ተሸክማ የእንጨት መወጣጫውን ስትወርድ አገኟት። ፀጉሯና ሽፋሽፍቷ አመድ መስሏል። ልጇ ከተደረደረው ብሎኬት ጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ ወደ ኖራው እየዳኸች እንዳትሄድ ወገቧ በሻሽ ከእንጨት ጋር ታስሯል። እማማን ስታይ እጆቿን ዘረጋች። እጅጌ ቀድማ መሃላቸው ቆመች።

"ምን ፈለጉ?"

"ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ።"

"ነግረው የጨረሱ መስሎኝ!"

"አልተናገርኩም፣ ልጄ። የተናገረችው የወለድኳት ናት። እኔ ያጠፋሁት እሷን ማመኔ ነው፤ አንቺንም ማሳመኔ። ቀድመሽ ነግረሽኝ ነበር፤ በቃሌ አፍሽን ዘጋሁት። ይህን ሳልነግርሽ ቀኑ አልመሽ አለኝ።"

እጅጌ ባልዲውን መሬት አስቀመጠች። ልትስቅ ሞከረች፤ ከአፏ የወጣው ግን ሳቅ አይመስልም።

"እኔ እኮ እርስዎን ነበር ስረግም የከረምኩት። በእርስዎ ላይ ያልተናገርኩት ክፉ ነገር የለም።"

"ይገባኛል።"

"አይገባዎትም!" ጮኸች። "የእሷስ አይገርመኝም። እሷን መች አመንኳት? ያመንኩት እርስዎን ነው። አሁን ማንን ልርገም?"

ከላይ አለቃው "ባልዲው የት ደረሰ?" ብሎ ተጣራ። እጅጌ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ልጇን አየቻት። የልጅቷ ጉንጭ በፀሐይ ተላልጧል። ጎንበስ ብላ ሻሹን ፈታች።

"ለዛሬ ይውሰዷት" አለች ፊቷን ሳትመልስ። "የነገውን አላውቅም። ይቅር ብያለሁ እንዳይሉ ደግሞ።"

"አልልም" አሉና ልጅቷን አዘሉ።

በማግሥቱም መጣች፤ ከዚያም በኋላ። እጅጌ እንደ ድሮው አትቀልድም፤ ልጇን አስረክባ ትሄዳለች፤ ማታ መጥታ ትወስዳለች። ከስሚንቶ ተሸካሚዎቹ መሃል ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውን አመጡ። የእማማ እሹሩሩ ቤት እንደገና ጫጫታ ሆነ፤ የሚመጡት ልጆች ግን ፀጉራቸው አሸዋ ይበዛዋል። እውነቱን ለእጅጌ ብቻ ነበር የተናገሩት። እጅጌ ግን አልደበቀችውም፤ ቀስ በቀስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። የፋብሪካው ሴቶች አንዳንዶቹ መጥተው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሞከሩ፤ ምራቋን የተፋችው ግን እስከ ዛሬ መንገድ ታቋርጣለች።

ማቆያው መጥፎ አልነበረም፤ መናገር ካለብን እውነቱን እንናገር። ንጹሕ ነው፤ አልጋ አለው፤ እናቶቹ ወጥተው ያጠባሉ። ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸውን አዝለው በእማማ እሹሩሩ ደጃፍ አልፈው ወደዚያ ይሄዳሉ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ፣ "ደግ ሆነ፤ ልጆቹ እናታቸውን እያዩ ይዋሉ" ይላሉ። ከዚያ ይገባሉ። ያንን ክፍል የለመኑት ሴቶች ልጆች ግን እዚያ አንድም ቀን አልገቡም። ሕንፃው ሲያልቅ እጅጌም ልጇን ይዛ ሌላ ከተማ ሥራ ፍለጋ ሄደች። ስትሰናበት አንገታቸውን አቅፋ ስማቸዋለች፤ ይቅር ማለቷ ይሁን መሰናበቷ ብቻ አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

ልጃቸው በየወሩ ስኳርና ዘይት ትልክ ነበር፤ እሳቸው ሳይነኩ ለልጆቹ እናቶች ያድላሉ። ፋብሪካው በሌላ ከተማ ሁለተኛ ሲከፍት እሷን የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ አድርጎ ሾማት። ልትሰናበት በፋብሪካው መኪና መጣች። እማማ እሹሩሩ ልብስ እያሰጡ ነበር። ውሃ ቀድተው ሰጧት፤ ቆማ ጠጣች። ልጆቹ ነጭ ሸሚዟን ሊነኩ ሲመጡ አልሸሸችም፤ የአንዱን አፍንጫ በራሷ መሐረብ ጠረገችለት። ያን ጊዜ የእናቷ ፊት ሊላላ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

"እማዬ" አለች፣ "አንድ ቀን ይገባሻል።"

"ገብቶኛል እኮ" አሉ እማማ እሹሩሩ፣ እርጥቡን ጨርቅ እንደያዙ። "ባይገባኝ ኖሮ ይቅር ማለት ይቀለኝ ነበር።"

ልጅቷ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ወጣች። መኪናው ተነሣ፤ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ፈጠነ። ከልጆቹ አንዱ ጡሩምባውን ሰምቶ ወደ መንገድ ሲሮጥ፣ እሳቸው ተከትለው ይዘው መለሱትና የግቢውን በር ዘጉ።